ትልቁን አንጀት በውስጥ ስለ ማየት፤ ከሻማ ብርሃን እስከ ሰመመን መርፌ

መግቢያ

ኮሎኖስኮፒ የሚባለው ምርመራ በጫፉ መብራትና ካሜራ ያለበት፥ የጣት ውፍረት ያህል ያለው ተጣጣፊ ቱቦ በፊንጢጣ ገብቶ ትልቁን አንጀት ከመጨረሻው እስከ መጀመሪያው የሚታይበት ምርመራ ነው። በብዙ አገር ታካሚው ከመመርመሩ በፊት የሚያፈዝ ወይም የሚያስተኛ መድኃኒት በደም ሥሩ ይሰጠዋል።

ምርመራው የታዘዘለት ሰው ከሐኪሙ ዘንድ ሲወጣ አንድ የትእዛዝ ወረቀት ይዞ ይወጣል። ወረቀቱም፦ ፍሬና ገለባ ያለው ምግብ አይብሉ፤ ይህን ያህል ሊትር መድኃኒት ይጠጡ፤ ወደ ቤት የሚያደርስዎ ሰው ይዘው ይምጡ፤ በዚያ ቀን መኪና አይንዱ፤ ውል አይፈርሙ ይላል። የእያንዳንዱ ትእዛዝ ምክንያት ግን እምብዛም አይጻፍበትም። ምክንያቱን ያላወቀ ሰው ደግሞ ወይ ትእዛዙን በከፊል ይፈጽማል፥ ወይ አፍሮና ፈርቶ ከነጭራሹ ይቀራል።

የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ እነዚህ ትእዛዞች ከየት እንደ መጡ በታሪክ መንገድ መመርመር ነው። ጸሐፊው ሊያስረዳ የሚፈልገው ነገር አንድ ነው፤ ይኸውም ታካሚው የሚታዘዘው ትእዛዝ ሁሉ ሐኪሞች ቀድሞ ያጋጠማቸው እንቅፋት፥ አንዳንድ ጊዜም የሰው ሞት ያስተማረው መሆኑን ነው። እንቅፋቶቹ በዋናነት ሦስት ነበሩ፤ የሆድ ዕቃ ጨለማነት፥ የአንጀት መጠማዘዝ፥ የታካሚው ሕመምና ፍርሃት። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1. ጨለማው

ወደ ሰው አካል ውስጥ ብርሃን ለማስገባት መሣሪያ ሠርተው ከሞከሩት የመጀመሪያዎቹ አንዱ የጀርመን አገሩ ሐኪም ፊሊፕ ቦዚኒ ነው። በፍራንክፈርት ከተማ የሚሠራው ይህ ሐኪም በ1806 ዓ.ም. ገደማ «የብርሃን መሪ» ብሎ የሰየመውን መሣሪያ ለሕዝብ አስታወቀ። መሣሪያው በውስጡ ሻማ የሚበራበት እንደ ፋኖስ ያለ ዕቃ ሲሆን፥ የሻማው ብርሃን በመስተዋት አማካይነት ወደ ቀጭን ቱቦ ይመራ ነበር። በዚህም ዘዴ ጉሮሮን፥ ፊንጢጣንና ሌሎችንም የአካል ቀዳዳዎች ለማየት ተሞክሮ ነበር። ይሁን እንጂ የቪየና የሕክምና መምህራን ነገሩን በበጎ ዐይን አልተመለከቱትም። ቦዚኒም በ1809 ዓ.ም. ገና በሠላሳዎቹ ዕድሜው ሳለ በተስቦ በሽታ ሞተ።

ከርሱ በኋላ በ1853 ዓ.ም. ዴዞርሞ የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም ከሻማ የተሻለ ብርሃን ያለው መሣሪያ በፓሪስ አቀረበ። መብራቱ በአልኮልና በተርፐንታይን ድብልቅ የሚነድ ስለ ነበረ ከፍ ያለ ሙቀት ያወጣ ነበር፤ ስለዚህ ሐኪሙም ታካሚውም ከቃጠሎ ይጠነቀቁ ነበር። በ1868 ዓ.ም. ደግሞ ኩስማውል የተባለው ጀርመናዊ ሐኪም ቀጥ ያለ ቱቦ ወደ ሆድ ለማስገባት ሲያስብ፥ ሰይፍ እየዋጠ ትርኢት የሚያሳይ ሰው ፈልጎ በርሱ ላይ ሞከረ። ቱቦው ገባ፤ ብርሃኑ ግን በቂ አልነበረም።

ለትልቁ አንጀት መጨረሻ ክፍል የሚሆን ቱቦ በሰፊው ያስተዋወቀው አሜሪካዊው ሐኪም ሃዋርድ ኬሊ ነው፤ ይህም በ1895 ዓ.ም. ነበር። ታካሚው በጉልበቱና በደረቱ ተደግፎ ይጎነበሳል፤ ሐኪሙም በግንባሩ ላይ ባሰረው መስተዋት ብርሃን እያንጸባረቀ በብረቱ ቱቦ ውስጥ ይመለከታል። እንዲህ ያለው ቀጥ ያለ ቱቦ የሚያሳየው ከሃያ እስከ ሃያ አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ትልቁ አንጀት ግን በጠቅላላው አንድ ሜትር ተኩል ያህል ይረዝማል። ስለዚህ ከስድስቱ እጅ አንዱ ሲታይ አምስቱ እጅ በጨለማ ይቀር ነበር ማለት ነው።

እንግዲህ በዚያ ዘመን ምርመራው የሚያሳፍርም የሚያሳምምም እንደ ነበረ መገመት አያስቸግርም። ስለዚህ ምርመራ ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ የኖረው አስፈሪ ወሬ መነሻው ይኸው የብረት ቱቦ ዘመን ይመስላል።

2. ብርሃንን ማጠፍ

ብርሃን በቀጥታ እንጂ ተጠማዝዞ አይሄድም፤ አንጀት ደግሞ ቀጥ ብሎ አያውቅም። ይህን እንቅፋት በማስወገድ ረገድ የተማሪዎች ድርሻ ከፍ ያለ መሆኑን ለዚህ መጽሔት አንባቢዎች ማስታወስ ተገቢ ነው።

በ1930 ዓ.ም. በሙኒክ የሕክምና ተማሪ የነበረው ሃይንሪክ ላም ቀጫጭን የመስተዋት ክሮችን በአንድነት አስሮ የአምፑል ክር ምስል በነርሱ ውስጥ አሳለፈ። ምስሉ ደብዛዛ ነበር፤ ሐሳቡ ግን ትክክል ነበር። ላም ግን የናዚ መንግሥት በመነሣቱ ምክንያት ወደ አሜሪካ ተሰደደ፤ ሥራውም ለብዙ ዓመታት ተቋርጦ ቀረ። በ1954 ዓ.ም. ሆፕኪንስና ካፓኒ በእንግሊዝ አገር፥ ቫን ሄል ደግሞ በሆላንድ፥ በዚሁ ነገር ላይ ያደረጉትን ጥናት «ኔቸር» በተባለው የሳይንስ መጽሔት አሳተሙ።

ይህን ያነበበው ባዚል ሂርሾዊትዝ የተባለ ወጣት ሐኪም በአሜሪካ በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ሥራውን ቀጠለ። ችግሩ ክሮቹ እርስ በርሳቸው ሲነካኩ ብርሃኑ ከአንዱ ወደ ሌላው እየሾለከ ምስሉ መጥፋቱ ነበር። በ1956 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ የመጀመሪያ ዲግሪውን ገና ያላገኘው የፊዚክስ ተማሪ ሎውረንስ ከርቲስ አንዱን የመስተዋት ዘንግ በሌላ ዓይነት የመስተዋት ቱቦ ውስጥ አስገብቶ ሁለቱን ባንድነት በእሳት አቅልጦ በመሳብ፥ የራሱ የመስተዋት ልብስ ያለው ክር ሠራ። ከዚያ በኋላ ብርሃኑ አልሾለከም። ሂርሾዊትዝም በ1957 ዓ.ም. በዚህ ክር የተሠራውን የጨጓራ ማያ መሣሪያ በመጀመሪያ ራሱ ውጦ ሞከረው።

ለትልቁ አንጀት የሚሆነውን ተጣጣፊ መሣሪያ በአሜሪካ የጀመረው በርጌን ኦቨርሆልት ሲሆን፥ በ40 ታካሚዎች ላይ ያደረገውን ምርመራ በ1967 ዓ.ም. ለሙያ ባልደረቦቹ አስረድቷል። በዚያው ወራት የጃፓን ሐኪሞችና መሣሪያ ሠሪዎች ረጅም ቱቦ እያሻሻሉ ነበር። በ1969 ዓ.ም. በአሜሪካ በቤል ቤተ ሙከራ ብርሃንን ወደ ኤሌክትሪክ ምልክት የሚለውጥ ትንሽ ዕቃ ተፈለሰፈ። በ1983 ዓ.ም. ይኸው ዕቃ በመመርመሪያው ቱቦ ጫፍ ላይ ሲተከል፥ ሐኪሙ አንድ ዐይኑን ጨፍኖ በቀዳዳ ከማየት ወጥቶ ምስሉን እንደ ቴሌቪዥን ለመመልከት በቃ።

3. ከማየት ወደ መቍረጥ፤ የሚጠጣው መድኃኒት ምክንያት

መሣሪያው ማያ ብቻ ሆኖ ቢቀር ኖሮ ጥቅሙ የተወሰነ ይሆን ነበር። በትልቁ አንጀት ግድግዳ ላይ ፖሊፕ የሚባል ትንሽ እባጭ ይበቅላል። አብዛኛው ፖሊፕ ጉዳት አያመጣም፤ አንዳንዱ ግን በብዙ ዓመት ውስጥ ቀስ በቀስ ወደ ነቀርሳ ይለወጣል። ከዚህ ቀደም በአንጀት መካከል የበቀለውን ፖሊፕ ለማውጣት ሆድ መቅደድ ግዴታ ነበር። በኒው ዮርክ ቤት እስራኤል ሆስፒታል የሚሠሩት ሂሮሚ ሺንያና ዊልያም ዎልፍ ግን የሽቦ ወጥመድ በቱቦው ውስጥ አሳልፈው ፖሊፑን አንገቱ ላይ አንቀው በኤሌክትሪክ ሙቀት መቍረጥ ጀመሩ። የመጀመሪያው በ1969 ዓ.ም. ተደረገ፤ በ1973 ዓ.ም. ደግሞ የሥራቸው ውጤት ታትሞ ወጣ። ከዚህ በኋላ ምርመራና ሕክምና አንድ ሆኑ።

ኤሌክትሪክ ባለበት ግን ብልጭታ አለ። አንጀትን ለማጠብ ይሰጥ የነበረው ማኒቶል የተባለ ስኳር መሰል ነገር በአንጀት ጀርሞች ሲብላላ የሚቀጣጠል ጋዝ ያወጣል። በ1979 ዓ.ም. ከፈረንሳይ የወጣ የሕክምና ዘገባ ፖሊፕ በሚቈረጥበት ጊዜ ጋዙ በአንጀት ውስጥ ፈንድቶ ታካሚው እንደ ሞተ ይገልጻል። በሚቀጥለው ዓመት በ1980 ዓ.ም. በአሜሪካ በዳላስ ከተማ የሚሠሩ ሐኪሞች በአንጀት ጀርሞች የማይብላላ፥ ከደምም ውሃና ጨው የማይወስድ፥ ፖሊኤቲሊን ግላይኮል የሚባል ነገርና ጨዋማ ማዕድኖች የተቀላቀሉበት የማጠቢያ ውሃ አቀረቡ። ዛሬ ታካሚው ሁለት ወይም አራት ሊትር ሲጠጣ የሚጠጣው አብዛኛውን ጊዜ የዚህን ውሃ ዝርያ ነው።

በአገራችን ኮሶ የጠጣ ሰው በዚያ ቀን ከቤቱ እንደማይርቅ የታወቀ ነው። ይህኛው ለኮሶ ትል ባይሆንም ሁኔታው ከዚያ ይመሳሰላል። ታካሚው ከአንድ ሰዓት ወይም ከሁለት ሰዓት በኋላ ደጋግሞ ይቀመጣል፤ በመጨረሻም የሚወጣው እንደ ሽንት ቢጫና ጥርት ያለ ውሃ ይሆናል። መድኃኒቱ ለሁለት ተከፍሎ ግማሹ በዋዜማው ማታ፥ ግማሹ ከምርመራው ጥቂት ሰዓታት በፊት ቢጠጣ የተሻለ እንደሚያጸዳ ተረጋግጧል። ጥርት ብሎ ያልታጠበ አንጀት ፖሊፑን ስለሚሸፍን፥ ሰው ሁሉን ችሎ መጥቶ ምርመራው እንደገና ሊታዘዝበት ይችላል። በአጠቃላይ ብዙ ታካሚዎች ከምርመራው ይልቅ ይህን ሌሊት እንደ ከባዱ ክፍል ይቈጥሩታል።

4. ሰመመን

ኤተር በ1846 ዓ.ም. በቦስተን በሕዝብ ፊት ከታየ ወዲህ ሰውን አስተኝቶ ማከም ተለምዷል። ለኮሎኖስኮፒ ግን ጥልቅ እንቅልፍ አያስፈልግም ነበር፤ የተፈለገው ፍርሃትን የሚያርቅ፥ ሕመምን የሚያስታግስ፥ ቶሎም የሚለቅ ነገር ነበር። ፌንታኒል የተባለው የሕመም ማስታገሻ በ1960 ዓ.ም. በቤልጅግ አገር በፖል ያንሰን ተሠራ፤ ዲያዜፓም የተባለው ማፍዘዣ በ1963 ዓ.ም. ለገበያ ቀረበ። ከርሱ ይልቅ ቶሎ የሚሠራው ሚዳዞላም በ1985 ዓ.ም. በአሜሪካ ተፈቀደ። ሚዳዞላም የወሰደ ሰው ሲጠሩት ይሰማል፥ ዙር ሲሉት ይዞራል፤ በኋላ ግን የሆነውን አብዛኛውን አያስታውስም።

ነገር ግን አዲሱ መድኃኒት ከዲያዜፓም እጅግ የበረታ መሆኑ በሚገባ ሳይታወቅ ስለ ተሰጠ፥ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በአሜሪካ ትንፋሻቸው ተዳክሞ የሞቱ ታካሚዎች ነበሩ። ከዚህ በኋላ መጠኑ እንዲቀነስና በጥቂት በጥቂቱ እንዲሰጥ ታዘዘ። መድኃኒቱን የሚያፈርሰው ፍሉማዜኒልም በ1991 ዓ.ም. በዚያው አገር ተፈቀደ። ጃፓናዊው መሐንዲስ ታኩኦ አኦያጊ በ1974 ዓ.ም. ያስታወቀው ዘዴም በዚህ ጊዜ ጥቅሙ ጎልቶ ታየ። በዚህ ዘዴ የሚሠራው በጣት ላይ እንደ መቆንጠጫ የሚያዝ ትንሽ መሣሪያ በደም ውስጥ ያለውን ኦክሲጅን ያለ መርፌ ይለካል። ዛሬ ታካሚው በጣቱ ላይ የሚደረግለት ያ ትንሽ ቆንጣጭ፥ በአፍንጫው የሚገባለት ኦክሲጅን፥ በክንዱም ላይ እየነፋ የሚጨብጠው የደም ግፊት መለኪያ የዚህ መራራ ትምህርት ፍሬዎች ናቸው።

በብዙ ስፍራ ደግሞ ፕሮፖፎል የሚባለው እንደ ወተት የነጣ መድኃኒት ተተክቷል። መድኃኒቱን በእንግሊዝ አገር ያገኘው የእንስሳት ሐኪም የነበረው ጆን ግሌን ሲሆን፥ በ1986 ዓ.ም. በሥራ ላይ ዋለ። ፕሮፖፎል በአንድ ደቂቃ ገደማ ያስተኛል፥ በጥቂት ደቂቃም ይለቃል። የሚያፈርሰው መድኃኒት ግን የለውም። ስለዚህ ትንፋሽን ከመጠበቅ በቀር ሌላ ሥራ የሌለው የሠለጠነ ሰው በታካሚው ራስጌ መቆም አለበት።

5. የሥልጣን ምስክርነት

ከሰመመን የነቃ ሰው አእምሮው ወዲያው እንደ ቀድሞው ይመለሳልን? ለዚህ ጥያቄ ከታሪክ የሚገኘው ምስክር የአሜሪካ ሕገ መንግሥት አሠራር ነው። በ1967 ዓ.ም. የጸደቀው ሃያ አምስተኛው ማሻሻያ ፕሬዚዳንቱ ሥራውን ለማከናወን በማይችልበት ጊዜ ሥልጣኑን ለምክትሉ በደብዳቤ አሳልፎ እንዲሰጥ ይፈቅዳል።

በሐምሌ 1985 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት ሬገን በኮሎኖስኮፒ ትልቅ ፖሊፕ ተገኘባቸው፤ በማግሥቱ የአንጀታቸው ክፍል በቀዶ ሕክምና ሲወጣ ሥልጣናቸውን ለስምንት ሰዓት ያህል ለምክትላቸው አስረከቡ። ፖሊፑም ነቀርሳ ሆኖ ተገኘ። በሰኔ 29 ቀን 2002 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽ (ልጅየው) በፕሮፖፎል ተኝተው ሲመረመሩ፥ ምርመራው ሃያ ደቂቃ ያህል ብቻ ፈጀ፤ ሥልጣናቸውን የተረከቡት ግን ከሁለት ሰዓት በላይ ከቆየ በኋላ ነው። በኅዳር 19 ቀን 2021 ዓ.ም. ደግሞ ፕሬዚዳንት ባይደን በተመሳሳይ ምክንያት ሥልጣናቸውን ለ85 ደቂቃ ለምክትላቸው ለካማላ ሃሪስ ሰጡ፤ በዚህም ምክንያት የአሜሪካን ፕሬዚዳንት ሥልጣን ለመጀመሪያ ጊዜ አንዲት ሴት ያዘች።

ከዚህ የምንረዳው ነገር ቀላል አይደለም። ዐይን መክፈትና ማስተዋል አንድ አይደሉም። የአንድ ታላቅ መንግሥት መሪ በዚያ ሰዓት እንዳይወስን ከተከለከለ፥ ለተራው ታካሚ ውል አይፈርሙ፥ መኪና አይንዱ፥ ብቻዎን አይሂዱ መባሉ ማዋረድ ሊሆን አይችልም። ክልከላውም ብዙውን ጊዜ ለሃያ አራት ሰዓት ይጸናል።

6. የምርመራው ቀን

ከላይ በተነገረው ታሪክ መሠረት ዛሬ ምርመራው የሚካሄድበት አኳኋን በአጭሩ እንደሚከተለው ነው። ታካሚው ከቀኑ አስቀድሞ የሚወስዳቸውን መድኃኒቶች ሁሉ፥ በተለይ ደም የሚያቀጥኑትን፥ የስኳር በሽታ መድኃኒትንና የብረት ክኒንን ለሐኪሙ ያስታውቃል፤ ከነዚህ የሚቋረጠውንና የማይቋረጠውን የሚወስነው ሐኪሙ ነው። በዋዜማው ቀን አብዛኛውን ጊዜ ጥርት ያለ ፈሳሽ ብቻ ይጠጣል። ቀይ መጠጥ ደም ስለሚመስል ይከለከላል።

በምርመራው ቀን ስለ ጥቅሙና ስለ ጉዳቱ ተነግሮት የፈቃድ ወረቀት ይፈርማል። በክንዱ ወይም በእጁ ጀርባ መርፌ ይገባለታል፤ በግራ ጐኑ ይተኛል። አካሉ በአንሶላ ይሸፈናል። መድኃኒቱ ከገባ በኋላ ሐኪሙ ቱቦውን እያስገባ አንጀቱን በአየር፥ በብዙ ስፍራም ቶሎ በሚጠፋው በካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋዝ ይነፋዋል። በጥንቃቄ የሚታየው ቱቦው ሲወጣ ነው። ለዚህም ቢያንስ ስድስት ደቂቃ መሰጠት እንዳለበት በ2006 ዓ.ም. የታተመ ጥናት አመልክቷል፤ ፈጥነው የሚያወጡ ሐኪሞች ብዙ ፖሊፕ ያልፋቸዋልና። ፖሊፕ ሲቈረጥ ሕመም አይሰማም፤ የአንጀት ውስጠኛ ገጽ መነፋትና መወጠር እንጂ መቈረጥ አይሰማውምና። ምርመራው በጠቅላላው ከሃያ እስከ አርባ ደቂቃ ያህል ይፈጃል።

ከዚያ በኋላ ታካሚው ሌላ ክፍል ውስጥ እየነቃ ግማሽ ሰዓት ወይም አንድ ሰዓት ያህል ይቆያል። ሆዱ ይነፋል፤ ጋዙን ማስወጣት የሚያሳፍር ሳይሆን የሚፈለግ ነገር ነው። ሐኪሙ ያየውን ሲነግረው በሰመመኑ ምክንያት ሊረሳ ስለሚችል፥ አብሮት የመጣው ሰው ቢሰማ፥ በጽሑፍም ቢሰጠው ይበጃል። አንጀት መበሳት የሚደርሰው ከሺህ ታካሚ በአንዱ እንኳ አይደለም። ይሁን እንጂ ብርቱ የሆድ ሕመም፥ ትኩሳት ወይም ብዙ ደም ከታየ ሳይዘገዩ ወደ ሆስፒታል መመለስ ግዴታ ነው።

መደምደሚያ

ይህ ሁሉ ድካም ያስገኘው ጥቅም ምንድን ነው? በ1993 ዓ.ም. በአሜሪካ የታተመ ጥናት ፖሊፕ የተቈረጠላቸውን 1,418 ሰዎች ተከታትሎ፥ በነርሱ ላይ የታየው የትልቁ አንጀት ነቀርሳ ይጠበቅ ከነበረው ከ76 እስከ 90 ከመቶ ያነሰ መሆኑን አስረዳ። በ2022 ዓ.ም. በፖላንድ፥ በኖርዌይና በስዊድን የተደረገ ታላቅ ጥናት ግን ሌላ ነገር ገለጠ። ለምርመራ በተጠሩት ሰዎች መካከል ከዐሥር ዓመት በኋላ የታየው የነቀርሳ ቅናሽ 18 ከመቶ ብቻ ሆነ፤ በነቀርሳው በሞቱት ቍጥር ላይም ግልጽ ልዩነት አልታየም። አንዳንዶች ይህን አይተው ምርመራው ጥቅሙ ትንሽ ነው ብለዋል። ነገር ግን ከተጠሩት ውስጥ መጥተው የተመረመሩት 42 ከመቶ ብቻ መሆናቸውን መዘንጋት አይገባም። የሁለቱን ቍጥሮች ልዩነት ይህ ብቻ አያብራራውም፤ ያልመጣ ሰው ግን ከምርመራው ምንም ሊያገኝ እንደማይችል ግልጽ ነው።

እነዚያ ያልመጡት ሰዎች ምክንያታቸው ልዩ ልዩ እንደሚሆን የታወቀ ነው። በጸሐፊው አስተያየት ግን ኀፍረትና ፍርሃት ከምክንያቶቹ መካከል ዋና ስፍራ አላቸው። ጨለማው በመብራት፥ መጠማዘዙ በመስተዋት ክር፥ ሕመሙም በመርፌ ተሸንፏል። የቀረው እንቅፋት በታካሚው ልብ ውስጥ ያለው ነው፤ እርሱን የሚያሸንፍ መሣሪያ ደግሞ ገና አልተሠራም። ስለዚህ ወደፊት ሐኪም የሚሆኑ ጓደኞቻችን የትእዛዙን ወረቀት ለታካሚ ሲሰጡ የእያንዳንዱን ትእዛዝ ምክንያት ጨምረው ቢነግሩት፥ ከማፍዘዣው መድኃኒት በፊት የሚሰጥ ሌላ መድኃኒት ሰጡት ማለት ይሆናል።